ባቡሩን ማን ሠራው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ድሬዳዋ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክበባችን በየዓመቱ መጽሔት ያወጣል፤ ዘንድሮ “ሳይንስና ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ” የሚለው ጽሑፍ እኔ ላይ ወደቀ። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ሳተላይት፣ ሕዳሴ ግድብ እያልኩ ደረደርኩ። አንዱ ጓደኛዬ አንብቦ “ይሄ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው” አለኝ። ተናድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ አሁን ደግሞ ሌላዋ “አቦ፣ አገሪቱን ቀበርካት እኮ” አለችኝ። ሚዛናዊ የሚባለው እንዴት ያለ ነው? ግማሽ ሙገሳ፣ ግማሽ ወቀሳ ላድርገው? መግቢያውንስ እንዴት ልጀምረው?
ሚ.፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ አቦ ሚ.፣ ግማሽ በግማሽ አታድርገው። እሱ ሽምግልና ነው የሚሆነው። ሁለቱም ጓደኞችህ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የላክህልኝን ሁለት ገጽ አንብቤዋለሁ፤ “ተሠራ”፣ “ተገነባ”፣ “ተመረቀ”፣ “ተገኘ” ይላል ከላይ እስከ ታች። ማን ሠራው? ማን ከፈለ? አሁንስ ይሠራል? ሠሪው በ“ተ” ውስጥ ተደብቋል። ወቀሳው ላይም ያው ነው፤ “ተበላሸ”፣ “ቀረ” ብለህ አለፍክ።

ለመለማመድ ከከተማህ አትውጣ። ከዚራ ያለውን አሮጌ ባቡር ጣቢያ በትክክል ጻፈው፣ ሌላው ይቀልሃል። ምኒልክ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እዚህ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደ ቆላው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚህ የፈረንጆች ታሪክ ይመስላል፣ ብዙ ጸሐፊም እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። አጎቴ ግን ወርክሾፑ ውስጥ ነው ያረጀው። እስኪሞት “ሽመንደፈር” እንጂ ምድር ባቡር ብሎ አያውቅም፤ ሲናደድ የሚሳደበውም በፈረንሳይኛ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የተሰበረ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቁም ነበር፤ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ አስረው ራሳቸው ይቀርጹት ነበር። በሌላ ሰው ንድፍ የተሠራን ባቡር አሥርተ ዓመታት አስኪዶ ማቆየት ሙያ ነው፣ ጽሑፍህ ውስጥም ቦታ ይገባዋል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ ብድሩም በአብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው። “ኢትዮጵያ ዘመናዊ ባቡር ሠራች” ካልክ ግማሹን ዋሸህ። “ቻይና ሠራችልን” ብለህ ከዘጋኸው ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለውን ሰው ረሳኸው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይታችንንም በዚሁ መንገድ ጻፋት፤ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት፣ የእኛ መሐንዲሶች አብረው ሠርተዋል፣ መቆጣጠሪያ ጣቢያው ደግሞ እንጦጦ ላይ ነው። ሦስቱንም ጻፍ፣ አንዱን ብቻ መርጠህ አትሩጥ።

እንዶድን አለማንሣትህ ግን ገርሞኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው ካለቀ መተላለፊያው ይቆረጣል። ይህን ስትጽፍ መጀመሪያ ያጠቡትን ሴቶች ጥቀስ፤ እንዶድ እንደሚያጸዳ ያወቀ ቤተ ሙከራ የለም፣ እነሱ ናቸው። ቀጥለህ አይቶ የጠየቀውን ሳይንቲስት። ከዚያ ደግሞ ደስ የማይለውን ክፍል። ውጭ ያሉ ተቋማት የአፍሪካን ቤተ ሙከራ ውጤት አምነው ለመቀበል አመነቱ፣ የመርዛማነት ምርመራው ዓመታት ፈጀ፣ በመሃሉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን መጣና የበሽታው ዘመቻ ከቀንድ አውጣ ወደ ታማሚው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ሽልማቱን ብቻ ከጻፍክ ማስታወቂያ ይሆናል። “ፈረንጅ ከለከለን” ብቻ ካልክም እሮሮ ነው። እንዶዱ ወንዙ ዳር እንደ መድኃኒት ለምን እንዳልተስፋፋ ከነምክንያቱ ስትጽፍ ግን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

ከዚያ የደንገጎን ዳገት ውጣና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሂድ፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እዚያ ነው የተማሩት። የኋላውን ምርምራቸውን የሠሩት አሜሪካ እንደሆነም ጨምር። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለከተሞች መጠጥ ተሳበ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ሞላው። የአገሪቱ ትልቁ የእርሻ ትምህርት ቤት ዓይኑ እያየ! በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል መመለሱን ግን አትዝለል፣ ጨለምተኛ ብቻ ሆነህ እንዳትቀር። እንደኔ ከሆነ ይህ ክፍል ከሳተላይቷ ሁለት እጥፍ ቦታ ይገባዋል።

አክሱምና ላሊበላ ይቆዩ፣ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። “በአፍሪካ የመጀመሪያው” የሚለውን ግን አራት ቦታ አይቼዋለሁ፤ ማረጋገጫ የሌለህን ሰርዝ።

መግቢያህን እንዴት እንደምትጀምርም ጠይቀኸኛል። እኔ ብሆን እዚያው ድሬዳዋ ካለው ከታይዋን ገበያ እጀምራለሁ። እዚያ ስልኬን ሁለት ጊዜ ከሞት ያስነሣልኝ ልጅ አለ፤ ዲግሪ የለውም፣ ቦርድ በማጉያ እያየ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይበይዳል። የት እንደተማረ፣ መለዋወጫውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ምን ሲያቅተው “አይሆንም” እንደሚል ጠይቀው። ጠዋት ሂድ። ከስምንት ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት ሲቅም ነው፣ አያናግርህም።