ሰርቭ ለምትለማመዱ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ማታ ማታ ራኬት ይዛችሁ ወደ ሜዳ ስትሄዱ አያችኋለሁ። ወሬው ሁሉ እግር ኳስ በሆነበት ከተማ ቴኒስ የመረጠ ልጅ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። እኔ በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ዕድሜዬ ያለፈው የሰው ትከሻና ወገብ ሳክም ነው። ቴኒስም ከወጣትነቴ ጀምሮ ተጫውቻለሁ። ስለ ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታውን ስለሚያስጀምረው ምት፣ የምላችሁ አለኝ።

ሰርቭን በኃይል አትጀምሩት። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይግባችሁ። ጥሩ ሰርቭ የሚያምረው ትርፍ እንቅስቃሴ ስለሌለው ነው። ያ ሲስተካከል ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

እናንተ ግን የምትጠይቁኝ ስለ ፍጥነት ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ጆን ኢስነር በ2016 እ.ኤ.አ. በዴቪስ ካፕ፣ በአገሮች ውድድር፣ ጨዋታ በሰዓት 253 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰርቭ መትቷል። እውነትም ያስደንቃል። ኢስነር ግን ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ሰርቭ የምትመቱበት የመጨረሻው መስመር ከመረቡ 11.89 ሜትር ይርቃል። ኳሱ የሚያርፍበት ሳጥን መጨረሻው ከመረቡ ወዲያ 6.40 ሜትር ላይ ነው። መረቡ መሃሉ ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ኳሱ ምንም ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ መረቡን ታክኮ አልፎ ሳጥኑ ውስጥ እንዲያርፍ ከ2.60 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መመታት አለበት። ከእናንተ ብዙዎቹ ክንድና ራኬት ዘርግተው፣ ዘለውም፣ እዚያ ቢደርሱ ነው። ስለዚህ ኳሱን ወደ ታች አትደብድቡት። ወደ ላይና ወደ ፊት ምቱት። የሚያወርደው የመሬት ስበትና ሽክርክሪቱ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሽክርክሪቱ የበለጠ ያስፈልገናል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሱን ብዙም አይዘውም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ያዘጋጀው ለዚሁ ነው። እኛ ግን የምንጫወተው በተገኘው ኳስ ነው። በቲቪ ያያችሁት፣ ለንደን ላይ መስመር የሚነካ ምት እዚህ ሊወጣባችሁ ይችላል። አትደናገጡ።

አያያዙ ላይ ብዙ አልቆይም። ኮንቲኔንታል የሚባለውን ያዙ። መጥረቢያ ስታነሱ እጃችሁ በራሱ የሚይዘው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ኳሱ ወደ ጎን እየሄደ ያበሳጫችኋል። ታገሡት።

ውርወራው ላይ ግን እንቆይ። ከአስር ሰርቭ ሰባቱ ስምንቱ የሚበላሸው ራኬቱ ሳይነሳ፣ ኳሱን በያዘው እጅ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ኳሱን መዳፋችሁ ውስጥ አትቅበሩት። በጣቶቻችሁ ጫፍ ያዙት። ክርን ሳይታጠፍ ክንዱ ከትከሻ ይነሳ። እጃችሁ ዓይናችሁ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ አንድ ላይ ይከፈቱ። ኳሱ ሳይሽከረከር ከወጣ፣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይታያችኋል። ከተሽከረከረ አንዱ ጣት ጎትቶታል ማለት ነው። ኳሱን ከለቀቃችሁ በኋላም ያ ክንድ ቶሎ አይውረድ። ወደ ላይ እንደተዘረጋ ትንሽ ይቆይ። ትከሻችሁ ዘንበል የሚለውና ደረታችሁ የሚከፈተው በእሱ ነው።

መለማመጃው ቀላል ነው። ራኬታችሁን ከመስመሩ ወደ ሜዳው ውስጥ፣ ከፊት እግራችሁ ትንሽ ወደ ቀኝ መሬት ላይ አስተኙት። ግራኝ የሆነ ወደ ግራ ያድርገው። ኳሱን ወርውሩና ሳትነኩት ይውደቅ። ደጋግሞ ራኬቱ ላይ ካረፈ ውርወራችሁ ጥሩ ነው። ለዚህ ሜዳም ተጋጣሚም አያስፈልግም። ክረምት ገብቶ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጣሪያው ከፍ ያለ በረንዳ ይበቃል።

ባለፈው በጋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰርቭ ሲለማመድ ቆሜ አየሁት። ጠንካራ ልጅ ነው። አንዱን ኳስ ከጭንቅላቱ ኋላ ይወረውራል፤ ወገቡን አጉብጦ ይከተለዋል። ቀጣዩ ወደ ፊት ይርቃል፤ ሮጦ ይደርስበታል። የተበላሸውን ሁሉ ይመታል።

«ለምን አትተወውም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይቆጠርብኛል ብዬ ነዋ።»

አይቆጠርም። ውርወራው ካላማራችሁ ኳሱን ያዙት፣ ወይም ይውደቅ፤ እንደገና ወርውሩ። ደንቡ ይፈቅዳል። ሰንዝራችሁ ከሳታችሁት ግን ፎልት፣ የተበላሸ ሰርቭ፣ ነው። ይህን ሕግ የማያውቅ ተጫዋች ለመጥፎ ኳስ ሲል ጥሩ አመታቱን ያበላሻል። በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ኃይሉ የሚነሳው ከመሬት ነው። የታጠፈው ጉልበት ሲዘረጋ ዳሌን ይገፋል። ዳሌ ሲዞር ደረት ይከተላል፤ ከዚያ ትከሻ፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ራኬቱ። ራኬቱ ወደ ኳሱ የሚወጣው በጠርዙ ነው። ልትመቱ ስትሉ የታችኛው ክንድ ይዞርና የራኬቱ ፊት ኳሱን ያገኛል። ከምቱ በኋላ መዳፋችሁ ወደ ውጭ ካየ ክንዱ በትክክል ዞሯል። የሮጀር ፌዴረርን ሰርቭ ቪዲዮ በዝግታ እያጫወታችሁ እዩት። የለንደኑን ውድድር ዊምብልደንን 8 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ሲመታ ግን ፊቱ እንኳ አይኮሳተርም።

ፒት ሳምፕራስ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ልጅ ሳለ አሰልጣኙ ኳሱ ወደየት እንደሚመታ የሚነግረው ከወረወረው በኋላ ነበር። ስለዚህ ውርወራው ሁሌም አንድ ዓይነት ሆነ። ትልቅ ሰው ሆኖም ተጋጣሚው ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ማንበብ ይቸግረው ነበር። ከቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች፣ ከግራንድ ስላሞች፣ 14 ሲወስድ ይህ ልማድ ብዙ አግዞታል።

አጭር ነኝ የምትሉኝም አላችሁ። አሽሊ ባርቲ 1 ሜትር ከ66 ነበረች። በጥሩ ሰርቭ የምትታወቅ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ዊምብልደንን ያሸነፈች ተጫዋች ናት። ቁመት ይረዳል እንጂ አይወስንም።

የመጀመሪያው ሲበላሽ በሚመታው ሁለተኛው ሰርቭ ላይ ክንዱን የሚያለዝብ ብዙ ነው። በፍርሃት የተገፋ ኳስ መረብ ላይ ይቀራል ወይም ለተጋጣሚ ሲሳይ ይሆናል። ክንዱ በዚያው ፍጥነት ይሂድ፤ የሚለወጠው ራኬቱ ኳሱን ከታች ወደ ላይ መጥረጉ ነው። ተጫዋቿን አሪና ሳባሌንካን አስቡ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደብል ፎልት፣ ሁለቱም ሰርቭ መበላሸት፣ ስለበዛባት አውስትራሊያ አደሌድ ላይ ክንዷን ሳታነሳ ኳሱን ከወገቧ በታች እስከ መምታት ደርሳ ነበር። ሰው ሁሉ አእምሮዋ ነው ይል ነበር። እሷ ግን የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያጠና ባለሙያ ይዛ አመታቷን ከመሠረቱ አስተካከለች። በ2023 መጀመሪያ አውስትራሊያን ኦፕንን አሸነፈች። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ተደጋግሞ የሚበላሸውን ነገር በፍርሃት ብቻ ስላላሳበበችው ነው። ሰርቫችሁ ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ እጃችሁንና እግራችሁን መርምሩ። ጓደኛችሁ በስልክ ይቅረጻችሁ፤ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ።

አሁን በሙያዬ ልናገር። እግራቸውን ሳይጠቀሙ በክንድ ብቻ የሚመቱ ልጆች ትከሻቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። ሳትሟሟቁ አንድም ኃይለኛ ሰርቭ አትምቱ። ክንዳችሁን አዙሩ፣ ሩጡ፣ ከዚያ በግማሽ ኃይል ጀምሩ። በአንድ ቀን ቅርጫት ሙሉ ኳስ ከመጨረስ ጥቂቱን በደንብ መትቶ ማቆም ይሻላል። ከክንዳችሁ በላይ፣ ትከሻችሁ ጫፍ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ የዚያን ቀን ሰርቭ ይብቃችሁ። ከምድር የሚነሱ ኳሶችን ተጫወቱ። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ካቃታችሁ ወይም ክንዳችሁን ማንሳት ከከበዳችሁ ግን በማሸት አትሞክሩት፤ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታዩ።