ሰማንያ ዓመት የሚፈጅ ዙር

ጅማ ላላችሁ ተማሪዎች፣

ሙያ ስትመርጡ ውጤቱ ቶሎ የሚታየውን ብቻ አትፈልጉ። ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ነው የጨረስኩት። ዛሬ የማነሳላችሁ ግን ስለ አንድ ኮከብ ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያልፍ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ጅማ በግንቦት ዝናብ አይጠፋትም፤ ሰማዩ ገለጥ እስኪል ታገሱ። ከአድማሱ ብዙም ሳይርቁ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ታያላችሁ። በግራ በኩል ያለው፣ ደመቅ የሚለው፣ አልፋ ሴንታውሪ ነው። ለንደን ወይም ፓሪስ ያለ ሰው ይህን ኮከብ ከቤቱ ሆኖ አያየውም። እኛ እናየዋለን።

በዓይን ሲታይ አንድ ነው፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሁለት ይሆናል። ሁለቱም የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ይዞራሉ። አንዱ ዙር 80 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ምህዋሩ ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነው። ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 11 እጥፍ ያህላል፤ ሲራራቁ 36 እጥፍ ይደርሳል። ደግሞ ምህዋሩን የምናየው ከጎን በኩል ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 በጣም ተጠጋግተው ታዩ፤ በእውነት የሚቀራረቡት ግን በ2035 ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ርቀት መናገር እንደማይቻል ቀያሽ ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ ወረቀት አውጡ። የ11 እና የ36 አማካይ 23.5 ነው። 23.5ን ሦስት ጊዜ ጽፋችሁ አባዙት። ውጤቱን 80 በ80 ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍሉት። 2 ገደማ ይመጣል። የሁለቱ ኮከቦች ክብደት ተደምሮ የፀሐያችንን ሁለት እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ብርሃናቸው እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ክብደታቸው ግን በእርሳስና በወረቀት ይታወቃል። እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኮከቡ ጥንድ መሆኑን በ1689 ሕንድ አገር የነበሩ ዣን ሪሾ የተባሉ ቄስ አዩ። ሙሉውን ዙር ግን አንድ ሰው ብቻውን ለክቶ አይጨርሰውም። ምህዋሩ የታወቀው አንዱ የጻፈውን ሌላው እየተቀበለ ነው። ለዚህ ነው ስለ ደብተር አጥብቄ የምነግራችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። የተሳሳተ ቁጥር አትፋቁ። በአንድ መስመር ሰርዙትና ትክክለኛውን ከላዩ ጻፉ፤ የተሰረዘውም ይነበብ።

ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሄንደርሰን የዚህን ኮከብ ርቀት የሚያሳየውን ልኬት በ1832 እና በ1833 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወሰደ። ውጤቱን ግን ተጠራጥሮ አቆየው። በ1839 ሲያወጣው ጀርመናዊው ቤሰል የሌላ ኮከብ ርቀት አስታውቆ ቀድሞታል። መጠራጠሩን አልነቅፍበትም። እናንተ ግን ስትጠራጠሩ ቶሎ ብላችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

በ2035 ሁለቱ ሲቀራረቡ አብዛኞቻችሁ ሥራ ላይ ትሆናላችሁ። ቴሌስኮፕ የምታገኙ ካላችሁ ዘንድሮ ጀምሩ። በየዓመቱ በዚሁ ወር በመካከላቸው ያለውን ርቀትና አቅጣጫ መዝግቡ። ደብተሩ በትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ ይቀመጥ፤ እናንተ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ታናናሾቻችሁ ይቀጥሉበታል።