ዓሦቹ እየጠበቁዎት አይደለም

ጥያቄ፦ «10 በ20 ሜትር በሆነ ኩሬ ቆሮሶ አረባለሁ። ባለፈው ሳምንት በመረብ አውጥተን ቆጠርናቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ሦስት ይሞታሉ። ሆዳቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ከላይ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ውሃው ጥሩ አረንጓዴ ነው፤ ፍግም አላጓደልንም። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ ብበትንም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓሦችዎ እየጠበቁዎት አይደለም። አየር አጥሯቸው ነው። ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ሳላየው ብገምት፣ ገዳዩ ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ይመስለኛል። ይህ ባክቴሪያ ከኩሬ ውሃ አይጠፋም፤ ጤነኛ ዓሣ ይቋቋመዋል። ዓሣው ሲዳከምና መረብ ቅርፊቱን ሲልጠው ግን ይገባል። ኤሮላይሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ የሕዋስን ሽፋን ይበሳል። ደም ከቆዳ ስር ይፈሳል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ያዩት ቀይ ነጠብጣብና እብጠት ይኸው ነው።

ያዳከማቸው ደግሞ ያ «ጥሩ አረንጓዴ» ነው። አረንጓዴው አልጌ የሚባል፣ በፍግ የሚባዛ ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ነገር ነው፤ በፀሐይ አየር ይሰጣል፣ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። እንዲህ ደመናው ሳይገለጥ ሲከርም፣ ሲነጋ ለዓሣው የሚተርፍ የለም። እስቲ ክንድዎን ውሃው ውስጥ ይክተቱ። እስከ ክርንዎ ሳይደርስ መዳፍዎ ከተሰወረ፣ ፍጉ በዝቷል።

ስለዚህ ፍጉን ዛሬውኑ ያቁሙ። መኖም ለሦስት ቀን አይስጡ። ነገ ሲነጋጋ የኩሬውን ውሃ አንድ ሦስተኛ ያፍስሱ፤ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ጥቁሩ ጭቃ ካለበት። ማፍሰሻ ከሌለው ጎማ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ታች ይስደዱት፣ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ ይልቀቁት፤ ራሱ ይስባል። ውሃው ወደ ጎረቤት ወንዝ እንዳይሄድ፤ ለባሕር ዛፍዎ ወይም ለሳርዎ ይሁን። አዲሱን ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ድንጋይ ላይ እየወደቀ እንዲገባ ያድርጉ። ሲረጭ አየር ይዞ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ይድገሙት። ጠዋት ወደ ላይ መውጣቱን ሲተዉ መኖውን በጥቂቱ ይጀምሩ። መረቡ ግን እስኪያገግሙ አይነካቸው።

ካፕሱሉን በተመለከተ ልቆጣዎት ነው፤ በየሄድኩበት የማየው ነገር ስለሆነ። የሰው መድኃኒት ኩሬ ላይ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። በዚያ ሁሉ ውሃ ይሳሳል፣ ባክቴሪያው የረጨውን መርዝ አይመልስም፣ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ግን ያተርፍልዎታል። እባክዎ ይተዉት።

የሞቱትን በየጠዋቱ ለቅመው ከኩሬው ርቀው በጥልቀት ይቅበሩ። የታመመ ዓሣ አይበላ፣ አይሸጥ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አይንካቸው፤ ባክቴሪያው በሰው ቁስልም ይገባል። በሳምንት ውስጥ ሞቱ ካልቀነሰ ለምርመራ ናሙና ያስፈልጋል። ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳዎን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። የሞተ ሳይሆን ገና የሚንፈራገጥ ዓሣ ይውሰዱ፤ የሞተው ቶሎ ስለሚበሰብስ ምርመራውን ያሳስታል።