ቀዩ አፈራችን መርዝ አለበት እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው መራዊ አካባቢ ነው። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። ማዕድን በበዛበት መሬት ላይ ሬር ኧርዝ የሚባሉ ብርቅዬ ማዕድናት አፈሩን እንደሚመርዙት ሰማሁ። የእኛ አፈር ቀይ ነው፤ በቆሎውም ድንቹም የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው። እናቴ ደግሞ ሰሞኑን ማታ ማታ እግሯን ያሳክካታል፣ ያቃጥላታል። ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በቆሎውን በሰላም ብሉት። ሬር ኧርዝ 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። ብርቅዬ ይባሉ እንጂ በየአፈሩ በጥቂቱ አሉ። ላይተር ስትጭሩ ብልጭ የሚያደርገው ድንጋይ ውስጥ ያለው ሴሪየም አንዱ ነው። ወደ እህሉ የሚያልፈው ትንሽ ነው፤ አንጀታችን ደግሞ ከዚያች ላይ እምብዛም አይወስድም። ጉዳቱ የሚያሰጋው ማዕድኑ በሚቆፈርበትና በሚጣራበት ቦታ፣ ብናኙን ለዓመታት ለሚተነፍስ ሠራተኛ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፤ የእናትዎ እግር። እርሻ ላይ በባዶ እግራቸው ነው የሚውሉት? ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር ዝሆኔ ያመጣል። ስሙን ያወጣለት እዚሁ ኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ያስቆጣሉ። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት አይተላለፍም። «የሞተ እባብ ረግጣ ነው» የሚልም አይጠፋም፤ እሱን ተዉት።

ዛሬ ማታ በባትሪ እግራቸውን እዩት። ከጣቶቹ በላይ ያለው የእግር ጀርባ አብጧል? አንዱ ከሌላው ይወፍራል? ጠዋትስ ይጎድላል? ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ገና ጅማሬው ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ ሳትሰጡ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ማሳከኩ ከሌላም ሊመጣ ስለሚችል ሳይታይ አይበየንም።

እስከዚያው በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ። በጣቶች መሃል ያለው በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን ይቀቡ። ካልሲና ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ በረባሶ አፈሩን አያስቀርም። ጫማ ውድ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ግን እግሩ አንዴ ከገዘፈ ልክ የሚሆን ጫማ ራሱ አይገኝም። እግሩ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ተጋላጭነቱ በዘር ይወርዳል፤ ስለዚህ እርስዎም ልጆችም ማሳ የምትወርዱት በጫማ ይሁን።