የአባቴ ምንሽር ለምን ሳተ? ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲወጣ ጠመንጃው ሁሉ ከግድግዳ የወረደ ይመስላል፤ የዚህ ጊዜ ደብዳቤ በሙሉ «ሳተብኝ» ነው። መልሴ ፈቃድ ላለው መሣሪያና መተኮስ ለተፈቀደበት ቦታ ነው። አንዴ ብያለሁ፣ በየመልሱ አልደግመውም።

ከአዘዞ፦ ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር በመቶ ሜትር ላይ አንዱን ጥይት ላይ፣ አንዱን ታች፣ አንዱን ከወረቀቱ ውጭ ይጥልባቸዋል። ጎረቤታቸው «በርሜሉ አልቋል፣ አፉን አስቆርጠው» ብሏቸዋል።

ጎረቤትዎ መጋዙን አስቀምጦ ቡናውን ይጠጣ። በርሜል የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው። ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ጠመንጃውን ይገልብጡት። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ያገኛሉ፤ አንዱ ከምላጩ ቀለበት ፊት፣ አንዱ ከኋላው። እነሱ ከላሉ ብረቱ በተተኮሰ ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ይላወሳል፤ ጥይቱም የትም ይሄዳል። ልክ በሆነ ካቻቢቴ ያጥብቋቸው። ቀጥሎ እንጨቱን ይዩ። የጎንደር ክረምት የቤት በር አልዘጋ እስኪል ድረስ እንጨት ያሳብጣል፤ ሰደፉንም አይምረውም። ያበጠ እንጨት በርሜሉን በአንድ ጎን ከገፋው ጥይቱ አቅጣጫ ይቀይራል። ከዚያ መዝጊያውን አውጥተው የአፈሙዙን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጭረት ካለው ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና እርሳሱን፣ ማለት የሚበረውን የጥይት ራስ፣ ያጋድለዋል። ለዓመታት ከፊት በኩል በብረት ዘንግ የተወለወለ ጠመንጃ ይህን አያጣም።

ጥይቱስ? ከሦስት ፋብሪካ የተለቃቀመ ጥይት አንድ ቦታ እንዲያርፍ አይጠብቁ። የቀለሁን ግርጌ አይተው አንድ ዓይነቱን ይለዩ፤ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው አምስት ጥይት ቀስ ብለው ይተኩሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። አምስቱም አንድ ላይ ሰፍረው ከመሃል ከራቁ ጣጣው የማነጣጠሪያው ነው፤ ቀላል ነው። አሁንም ከተበተኑ ያኔ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ከደባርቅ፦ የቆየ የጀርመን ጠመንጃው በመቶ ሜትር ከፍ አድርጎ ስለሚመታ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ሊሞርደው ነው።

እንዳታደርገው! ፊተኛው ባጠረ ቁጥር ጥይቱ ይብስ ወደ ላይ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው የጀርመን ጠመንጃ ማነጣጠሪያው የሚጀምረው ከ400 ሜትር ነው። የተሠራው ለጦር ሜዳ እንጂ ለድኩላ አይደለም። ወይ ዝቅ አድርገህ አነጣጥር፣ ወይ ረዘም ያለ ፊተኛ አስገጥም። ስለ ዋልያ የጠየቅከው ግን ቀልድ ይሁንልኝ። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም፤ መግደሉም ወንጀል ነው።

ከመተማ የመጣች እህት፦ እዚያ ደህና ይመታ የነበረው ባለ መነጽር ጠመንጃ ጎንደር ሲደርስ ሳተ። አየሩ ስለሳሳ ነው ወይ?

የአየሩ መሳሳት በሩቅ ርቀት እንጂ በመቶ ሜትር አይታወቅም። ያን ሁሉ መንገድ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ነው የመጣው። የመነጽሩን ብሎኖች እዪ።

ከማራኪ፦ ተኩሰው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ዘይት ይቀባሉ፤ በሳምንቱ ግን የበርሜሉ ውስጥ ቀልቶ ያገኙታል። ዘይቱ ተበርዞ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ዘይቱን አይውቀሱ። በብዙ የድሮ የጦር ጥይቶች ግርጌ ያለችው መቀጣጠያ ስትነድ ጨው ትታ ትሄዳለች፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ይባላል። እንደማንኛውም ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። እርስዎ በየጊዜው ጨውን ከዘይት ሥር ሲያዳፍኑት ነው የኖሩት። የሚያወጣው ውሃ ነው። መዝጊያውን ያውጡ፣ አፈሙዙን ወደ ታች ያድርጉ፣ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል ያፍስሱ፤ እንጨቱን ግን እንዳይነካው። የጋለው ብረት ራሱ ቶሎ ይደርቃል። በጨርቅ ይጥረጉና ያኔ ስስ ዘይት ይቀቡ። የመዝጊያውንም ፊት አይርሱ። ይህ የሚሠራው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው፤ «ነገ» የሚባል የለም። ዝገት አንዴ ብረቱን ከቦረቦረው ወዲያ ማንም አይመልሰውም፤ ቡርቡሩ እርሳሱን ይፍቀዋል፣ ዒላማም ይጠፋል። «አልቋል» የሚባለው በርሜል አብዛኛው ተኩስ አልጨረሰውም፤ እንዲህ ተቀምጦ ነው ያለቀው። ደግሞ ከመተኮስዎ በፊት ዘይቱን ይጥረጉ፤ በዘይት ከራሰ በርሜል የምትወጣው የመጀመሪያዋ ጥይት ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ከአራዳ፦ በዘይት ፋንታ ቅቤ ይሆናል?

ቅቤው ለዶሮ ወጥ ይቅር።

ከወገራ፦ የጣሊያን 6.5 ጠመንጃው ወረቀቱን በጎን ይቀደዋል እንጂ ክብ አድርጎ አይበሳውም።

እርሳሱ እየተገለበጠ ነው የሚደርሰው። ስሙ «6.5» ቢሆንም የዚህ ጠመንጃ እርሳስ ውፍረቱ 6.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሌሎቹ «6.5» ጠመንጃዎች 6.7። ቀጭኑ እርሳስ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ በደንብ አይዝም፣ አይሽከረከርም። ትክክለኛውን እርሳስ ተጠቅሞ ከቀጠለ ቦዩ ተበልቷል ማለት ነው።

ከጠዳ፦ ቀለሁ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ አንዳንዴ መዝጊያውን የሚከፍተው በመዶሻ ነው። «ግን ጋሼ፣ ዒላማውን አይስትም!»

ወንድሜ፣ ዒላማህ ግድ አልሰጠኝም። የተሰነጠቀ ቀለህ ማለት የሚፈነዳው ጋዝ ወደ ፊትህ መንገድ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ወይ ጥይቱ የዚህ ጠመንጃ አይደለም፣ ወይ መዝጊያውና በርሜሉ ልካቸውን ለቀዋል። ይህን በዓይን አይተህ አትለየውም፤ እኔም በደብዳቤ አልለየውም። ሙያውን የሚያውቅ መሣሪያ ጠጋኝ በመለኪያ ሳያየው አንድም ጥይት እንዳታጎርስበት። የመዶሻውንም ነገር ለጠጋኙ ንገረው፣ እንዳትደብቀው።