ነርስነቱን ትቼ ፕሮግራሚንግ ልማር?

ከወልድያ የጻፈልን ወንድማችን ሜዲካል ዋርድ ውስጥ አራት ዓመት የሠራ ነርስ ነው። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለልብ ድካም ሕመምተኛ እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ መንገድ ኦርደር (የሕክምና ትእዛዝ) ይጽፋል። አንዱ የፖታሲየም ምርመራ ያዛል፣ ሌላው ይረሳል። ውጭ አገር ኦርደሩ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ሞት ቀንሷል ሲባል አነበብኩ። ሙያዬን ትቼ ፕሮግራሚንግ ብማር ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ አትተወው። ኮድ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የኦርደሩ ዝርዝር ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ዋርድ ውስጥ ሲያድር የከረመ ሰው ነው።

ያነበብከው ወሬ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ባሉ የቤይለር ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ወጥ የልብ ድካም ኦርደር (ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ዝርዝር) የታዘዘላቸው ሕመምተኞች ሆስፒታል ሳሉ የሞቱት ካልታዘዘላቸው ያነሱ ነበሩ። ነገር ግን ዝርዝሩን የተጠቀመው የፈለገ ሐኪም ነው፤ ማን ይጠቀም፣ ማን ይቅር ተብሎ ዕጣ አልተጣለም። ስለዚህ ምስጋናውን በሙሉ ለዝርዝሩ መስጠት አይቻልም። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ለይተህ ከተናገርክ ጠያቂዎችህ ቀና ብለው ያዩሃል።

ተቃራኒውም ታይቷል። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል ትእዛዝ በኮምፒውተር እንዲሆን ከተደረገ በኋላ፣ በሪፈር ከመጡ ሕፃናት የሞቱት ከ2.80 ወደ 6.57 በመቶ ማሻቀባቸውን በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዘግቧል። ሕፃኑ ደርሶ ካልተመዘገበ መድኃኒቱን አስቀድሞ ማዘዝ አልተቻለም ነበር። የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ግን ያንኑ ዓይነት ሲስተም ሲያስገባ ሞት አልጨመረም። ኦርደሮቹን ቀድሞ አሰናድቶ ነበር።

እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ የአሜሪካኑን ገልብጦ መለጠፍ አደጋ አለው። እዚያ የሚበዛው የልብ ደም ሥር መጥበብና ግፊት ያመጣው የልብ ድካም ነው። ወሎ ውስጥ ግን በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቭዋ (የልቧ በር) የጠበበ ወጣት ታስተኛለህ። እሷን የሚረዳት ኢናላፕሪል የተባለው የልብ ድካም መድኃኒት ሳይሆን የልብ ምቷን ማርገብና በሰውነቷ የተጠራቀመውን ውኃ መቀነስ ነው፤ ቤንዛታይን ፔኒሲሊኗም በየ4 ሳምንቱ መቀጠል አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ኢናላፕሪል ጭራሽ አይሰጣትም። ስፓይሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒት ሲጀመር ፖታሲየምና ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) መታየት አለባቸው። ላብራቶሪው «ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል» ካለስ? ዝርዝሩ ለዚህም መልስ ይኑረው። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ «ጨው ቀንስ» ይባላል፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰው ያንን ጨው ከጨው አይቆጥረውም። ረመዳን ሲገባ ላሲክሱን (ውኃ የሚያሸናውን ኪኒን) መቼ ይዋጥ? እነዚህን የምታውቃቸው አንተ ነህ።

እንግዲህ ሥራው ከዚህ ይጀመራል። ከጥራት ክፍሉ ፈቃድ ጠይቅና ያለፉ የልብ ድካም ካርዶችን አውጣ። ስንቱ በየቀኑ ተመዝኗል? ስንቱ ፖታሲየም ታይቶለታል? ስንቱ ቀጠሮ ይዞ ወጥቷል? ቁጠረው። ከዚያ ከሐኪሞቹና ከክሊኒካል ፋርማሲስቱ ጋር አንድ ገጽ የወረቀት ኦርደር አዘጋጁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ጥቂት ወራት ተጠቀሙበትና ድጋሚ ቁጠር።

ብቻህን ጽፈህ እንዳታቀርብ አደራ። ማዘዝና መፈረም የሐኪሙ ሥልጣን ነው፤ «ደግሞ ነርስ ሊያዘኝ ነው?» የሚልም አይጠፋም። አንድ የሚሰማ ኢንተርኒስት (የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት) ከጎንህ ካገኘህ ግማሹ አለቀ። የሚቸግረው እሱን ማግኘቱ ነው፣ አልዋሽህም።

ደሞዝህ ወዲያው አያድግም። የዲጂታል ጤና ፕሮጀክቶች ሰው ሲፈልጉ ግን እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ የሠራ ነርስ የሦስት ወር ሰርተፍኬት ብቻ ከያዘው ይቀድማል ባይ ነኝ። ማስተርስ ካሰብክ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ ትምህርት) ያስተምራል። ከካርዱ የቆጠርከው መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፍህ መነሻ ሊሆንህ ይችላል፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ግን ቀድመህ ጨርስ።

የኮዱ ነገር አልለቅ ካለህ፣ ከተረኝነት ነፃ በሆንክበት ማታ መጀመሪያ ኤክሴልን በደንብ ያዝ፤ ቀጥሎ ኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ሞክር። ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይቆይ።