መልስ፦ የአውስትራሊያ ፖለቲከኞች የባሕር ጥበቃን ለምን ተቃወሙ?

ወንድሜ፣ «ባሕር ይጠበቅ ሲባል ምን የሚያስቃውም ነገር አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። ዋናው ጠብ ከዓሣው ጋር ሳይሆን ከሥልጣኑ ጋር ነው። በሕጋቸው መሠረት ጥብቅ የባሕር ክልል የሚታወጀው በጠቅላይ አገረ ገዢው (የንጉሡ ወኪል) ስም ነው። ውሳኔው ግን በተግባር የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ነው። ፓርላማው ሊሽር የሚችለው የአስተዳደር ዕቅዱን (በክልሉ ውስጥ ምን እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል የሚወስነውን) እንጂ አዋጁን አይደለም። የሌበር ፓርቲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 እጅግ ሰፊ ባሕር ጥብቅ ክልል ብሎ ሲያውጅ ተቃዋሚዎቹ (የሊበራልና የናሽናል ፓርቲዎች ጥምረት) የተነሡት ለዚህ ነው። ለኑሮውም ለመዝናናትም የሚያጠምደው ሰው ከጎናቸው ቆመ። በ2013 ሥልጣን ሲይዙ ዕቅዶቹን አስቆሙ፤ አዲሶቹ ሥራ የጀመሩት በ2018 ነው።

ፓርላማው ይጠየቅ በሚለው ሐሳባቸው እስማማለሁ። ባሕሩን ለዓመታት ያለ ዕቅድ ማቆየት ግን ልክ አይመስለኝም።

እኛ ጎንደሬዎችም ጉዳዩ ይነካናል። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ክረምት ላይ ዓሦቹ ዕንቁላል ሊጥሉ ወደ መገጭና ድርማ ወንዞች ሲወጡ ወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። ይሄ መቆም አለበት፣ የግድ! ግን በደንገል ታንኳ የሚያጠምደውን የጎርጎራ ሰው ሳያማክሩ ትእዛዝ ቢያወርዱበት፣ እነዚያን ወራት ምን በልቶ ይክረም?